ኢስሊ ያለው ሁሉ ያውቃል

ሰዎች «እንዴት ነው ወደ በጎ አድራጎት የገባሽው?» ብለው ሲጠይቁኝ ብዙውን ጊዜ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብዬ አልፋለሁ። ውሸቴን ነው። እኔ ወደዚህ ሥራ የገባሁት በአፌ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? የእኔም ቃል አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ናይሮቢ ውስጥ፣ ከአፌ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜዬ እሱን ሲከተል ነው የኖረው። እስከ ዛሬ በጽሑፍ አላወጣሁትም። አሁን አርጅቻለሁ፤ የማፍራቸውም ሰዎች አብዛኞቹ አልፈዋል። ስለዚህ እንዳለ ልንገራችሁ።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ደርግ አገሩን ጨምድዶ ይዟል። አባቴ የቆዳና የቡና ነጋዴ ነው፤ ለውጡ ከመምጣቱ በፊት ናይሮቢ ቢሮ ከፍቶ ስለነበር አዲስ አበባ ያሉት ቤቶቻችን መወረሳቸውን የሰማነው ዌስትላንድስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ ግቢያችን ውስጥ ቁርስ እየበላን ነው። ሌላው ሰው ልጁን ሲቀብር እኛ ያጣነው ንብረት ነበር። እኔ ደግሞ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ አዳሪ ትምህርት ቤት ያደግሁ፣ አማርኛ የማወራው ከእናቴ ጋር ብቻ የሆነ፣ ለቅሶ ቤት ረግጬ የማላውቅ ልጅ ነኝ። እናቴ «ልጆች ለቅሶ ቤት ምን ይሠራሉ» ትል ነበር። ካደግሁም በኋላ አልወሰደችኝም።

የምሠራው በእንግሊዝኛ በሚታተም አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ነበር። ጎበዝ ነበርኩ፤ እዚህ ላይ ትሕትና አላበዛም። የሰው ስም፣ ዕድሜና የትውልድ ቦታ ሳልይዝ ከአንድ ቤት ወጥቼ አላውቅም። ከኢትዮጵያ በእግር ድንበር እየተሻገሩ ስለሚመጡት ስደተኞች ጻፊ ስባል፣ አዘጋጄ «ጊጊሪ ያሉት የተባበሩት መንግሥታት ቢሮዎች የሚሰጡሽን ቁጥር አልፈልግም፤ ሰው አምጪልኝ» አለኝ። እሺ አልኩ፤ ሰው ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ ያገኘሁት አንድ መምህር ነው። ሻይ ቤት ተቀምጠን እንዴት እንደመጣ አወራኝ። አምስት ሆነው ወደ ሞያሌ ሲወርዱ ወታደሮች ተኮሱባቸው። ግርማ የሚባለው ጓደኛው ተመታ። «ጎኔ ነው የወደቀው። አፈር ያለበስኩት በእነዚህ እጆቼ ነው» አለና ሁለቱንም እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። የግርማ ሚስት እርጉዝ ስለነበረች ባሏ ቀደም ብሎ በነጋዴዎች መኪና አሻግሯት ኖሯል፤ የእኛ ስደተኞች በሚበዙበት የናይሮቢ ሰፈር፣ ኢስሊ ትኖራለች።

«እሷስ እንዴት ሆነች?» አልኩት።

«ልቤ አልችል ብሎኝ ፊቷን አላየሁም። ግን ከመጣሁ ሁለት ሳምንቴ ነው፤ በመጣሁ ዕለት ነው እዚያ ላሉት የእኛ ሰዎች የነገርኳቸው። ኢስሊ ያለው ሁሉ ያውቃል።»

ይህችን የመጨረሻ ቃሉን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኳት፤ ከሥሯም አሰመርኩባት። ማስታወሻ ደብተሩ እስከ ዛሬ አለኝ።

በማግሥቱ የአባቴን ፔጆ ይዤ ኢስሊ ሄድኩ። ጽሑፌ በዚያው ቀን ማታ ማለቅ ነበረበት። ሴትየዋ የምትኖረው ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በላይ ነው። የሱቁ ባለቤት እማማ ፋጡማ ይባላሉ፤ ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ የሚነግዱ የወሎ ሰው ናቸው። ያችን ክፍል ለአስቴር ያለ ኪራይ የሰጧትም እሳቸው ናቸው። እሳቸው ሙስሊም፣ እሷ ጴንጤ፤ በስደት አገር ይህን ማን ይቆጥራል።

ሱቁ በራፍ ላይ ቆሜ «ጋዜጠኛ ነኝ፤ አስቴርን ላነጋግራት ነው» አልኳቸው።

ጨርቅ የሚቆርጡበትን መቀስ አስቀመጡት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ ወሯ ገብቷል። አሁን አትንኪብን። በሰላም ትገላገልና እኔ ራሴ አስጠራሻለሁ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። እማማ ፋጡማ በዘዴ ነግረውኛል። ከላያችን የአስቴር መስኮት ክፍት ነበርና ከዚያ በላይ ጮክ ብለው ሊናገሩ አይችሉም ነበር። እኔ ግን የታየኝ ነገር ነፍሰ ጡር ሴት እንዳትደክም ማሰባቸው ብቻ ነው። «ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው እማማ» አልኩ። በዚያው ቅጽበት ጨርቅ በጅምላ የሚወስዱ ደንበኞች ገብተው ከበቧቸው፤ እኔ ደግሞ በጓሮ ዞሬ ደረጃውን ወጣሁ። ታዝዤ የማደግ ልማድ አልነበረኝም።

አስቴር አልጋ ላይ ተቀምጣ የሕፃን ልብስ ትሰፋለች። እኩያዬ ናት። ሆዷ ጉልበቷን ሸፍኗል። ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች። «ባሏ የሞተባት ሴት ቢጫ ልብስ?» የሚል ሐሳብ መጣብኝና፣ ጴንጤዎች ለሐዘን ጥቁር አይለብሱም ሲባል የሰማሁት ትዝ አለኝ፤ አለፍኩት። ግማሽ እውቀት እንዲህ ነው፤ ጨርሶ ባላውቅ ኖሮ እጠይቅ ነበር።

«ግቢ፣ ግቢ፤ ከስደተኞች ቢሮ ነሽ?» አለችኝ።

«አይ፣ ከጋዜጣ ነኝ። ማርታ እባላለሁ።»

«ስለ ግርማ ሰምተሽ ነው የመጣሽው?»

«አዎ።»

ፊቷ በራ። እኔም በልቤ እንዴት ያለች ጠንካራ ሴት ናት አልኩ። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ደብተሬን ገለጥኩ።

«አብሮት የነበረውን መምህር አገኘሽው?» አለች። «እኔ ጋ እኮ ብቅ አላለም። ምን እንዳደረግሁት አላውቅም። ታዲያ ስለ ግርማ ምን አለሽ? ንገሪኝ እስቲ።»

ይህን ጥያቄ ስንት ሌሊት ወደ ኋላ ተመልሼ ሰምቼዋለሁ። እሷ ባሏ ሞያሌ ታስሮ እንደሚገኝና ሰሞኑን እንደሚፈታ ነበር የምታውቀው፤ እንደዚያ ነው የነገሯት። እኔ ደግሞ የባሏን የመጨረሻ ሰዓት መስማት የፈለገች መሰለኝ። ላጽናናት ፈለግሁ። እጇን ያዝኩና፣

«አይዞሽ» አልኳት። «አልተሰቃየም። ወዲያው ነው ያለፈው። መምህሩ በገዛ እጁ አፈር እንዳለበሰው ነግሮኛል።»

አልጮኸችም። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና ጨርቁን አጥፋ ጎኗ አስቀመጠችው።

«ማንን?» አለች።

ያን ጊዜ ገባኝ።

«ማንን ነው አፈር ያለበሰው? ማርታ ነኝ አላልሽም? ማርታ፣ ማንን ነው?»

ልትነሳ ሞከረች። ግማሽ ተነስታ ሆዷን ያዘች። ቢጫው ቀሚስ ከታች ሲቀላ አየሁት። ውሃ መስሎኝ ነበር፤ ደም ነው።

እማማ ፋጡማ ደንበኞቻቸውን ትተው እያለከለኩ የገቡት ያኔ ነው። አስቴርን አዩ፤ ደሙን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ነገርሻት?»

«አታውቅም እንዴ?»

«አንቺ፣ ሴት አይደለሽም? ለእርጉዝ መርዶ ይነገራል? ልጇን ታቅፋ ትስማው ብለን ሁለት ሳምንት ሙሉ እሳት ውጠን ከርመናል እኮ።» ከዚያ በኋላ አልሰደቡኝም፤ ጊዜም አልነበራቸውም። «በዚያ በኩል ያዢያት» አሉኝ።

ተሸክመን አወረድናት። ፔጆው የኋላ ወንበር ላይ እማማ ፋጡማ ጭንቅላቷን ታቅፈው ተቀመጡ። መንገዱ ማታቱ በሚሏቸው ታክሲዎች ተዘግቷል፤ እኔ ጥሩምባ ላይ እጄን ጭኜ አላነሳም። አስቴር አንድ ነገር ብቻ ነው የምትጠይቀው።

«መቼ ነው?»

«ተይው አሁን፣ ልጄ።»

«ስንት ቀኑ ነው እማማ?»

«ሦስት ሳምንት ሊሆነው ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ባለፈው እሑድ ስስቅ ነበር» አለች። «ስሙን እናወጣለን ብለን አብረሽኝ ስትስቂ ነበር። እያወቅሽ።» እማማ ፋጡማን በመስታወቱ አየኋቸው፤ እንባቸው አስቴር ፀጉር ላይ ይወርዳል።

መጀመሪያ የደረስንበት የወሊድ ክፍል በር ላይ ያለችው ሴት መታወቂያ ጠየቀች። አስቴር ኪፓንዴ የላትም፤ የስደተኛ ወረቀቷም ገና አልወጣም። «ፖሌ ሳና» አለችን፤ በጣም አዝናለሁ ማለቷ ነው፤ በሩን ግን አልከፈተችም። መኪናውን አዙሬ ቤተሰባችን ወደሚታከምበት ሆስፒታል ነዳሁ። እዚያ በእንግሊዝኛዬ ጮህኩ፤ የአባቴን ስም ጠራሁ፤ «ከእኔ ጋር ናት» አልኩ። አልጋ እየሮጠ መጣ። ወረቀት የጠየቀን የለም።

እማማ ፋጡማ የተከፈተውንም በር እኔንም አየት አደረጉ። «ይህን ሁሉ በር የሚከፍት አፍ ይዘሽ ነው እንዲያ ያደረግሽን?» አሉኝ። ጮክ ብለው አይደለም የተናገሩት።

ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። ከቀትር በፊት ጋሽ በቀለ መጡ፤ አስቴር የምትጸልይበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። መርዶውን በጊዜው ሊነግሯት የተመረጡት እሳቸው ኖረዋል። አጠገቤ ተቀምጠው የሆነውን ሁሉ ከእኔው አፍ ሰሙ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው። «እህ» አሉ ብቻ። የአገሩን ወግ ያላወቀች የሀብታም ልጅ ማለታቸው ነው፤ የዚያ ቃል ትርጉም እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሐኪሙ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ወጣ። ሕፃኑ ወንድ ነበር፤ አልተረፈም። እናትየው ብዙ ደም ፈሷታል፤ ነገር ግን ትተርፋለች ብሎ ያምናል። «ስትነቃ ስለ ልጁ ወዲያውኑ እንነግራታለን» አለ። ለሁለቱ ተረጎምኩላቸው።

«በጭራሽ» አሉ እማማ ፋጡማ። «በአንድ ቀን ሁለት? ያውም ብቻዋን፣ በፈረንጅ አፍ?»

«ጠዋት ይሁን» አሉ ጋሽ በቀለ። «ሌሊቱን ትተኛ። ጎህ ሲቀድ ሰው ይሰበሰባል፤ ሰው ባለበት ትሰማለች። እስከዚያ ማንም እንዳይነግራት።» ሐኪሙን ለምኜ እሺ አሰኘሁት።

ከቀኑ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ነርሷ መጣችና ሕመምተኛዋ አንድ ሰው ብቻ እንደምትፈልግ ነገረችን። ጋሽ በቀለ ሲነሱ ነርሷ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ጋዜጠኛዋን ነው ያለችው» አለች።

ገባሁ። አስቴር ገርጥታለች፤ ከንፈሯ ደርቋል።

«ሌሎቹን እንዳታስገቢብኝ» አለች። «ሁሉም ሲዋሹኝ ነው የከረሙት። አንቺ ግን በመጣሽበት ነገርሽኝ። አንቺ አትዋሺኝም። ልጄ የታለ?»

እማማ ፋጡማ ከበሩ መስታወት በስተኋላ ቆመው ያዩኛል። ምን ላድርግ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ጠዋት እውነት ተናግሬ ያደረግሁት ፊቴ ተኝቷል። አሁን ደግሞ የምታምነው ሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ የምታምነኝም ስላልዋሸሁ ነው።

«ተኝቷል» አልኳት።

«ወንድ ነው?»

«ወንድ ነው።»

«ለምን አላመጡልኝም?»

«ትንሽ ደክሞታል። ነገ ጠዋት ያመጡልሻል።»

ዓይኗን ፊቴ ላይ ተክላ ቆየች።

«አንቺም?» አለች።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳልኩ መሸ።

በማግሥቱ ማለዳ አሥራ አንድ ሰው ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሟል። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች አሉ፤ የእማማ ፋጡማ ሙስሊም ጎረቤቶች አሉ። ዘበኛው ከሁለት ሰው በላይ አይገባም አለ። እንደገና አፌን ከፈትኩ፤ ሁሉም ገቡ። እኔ ውጭ ልቅር ብዬ ፈቀቅ ስል እማማ ፋጡማ ክንዴን ያዙ። «ትገቢያለሽ» አሉኝ። «እንዴት እንደሚነገር እዪ።»

አየሁ። መርዶ ለካ በቃል አይደለም የሚነገረው፤ በሰው ነው። አንድ በአንድ ገብተው አልጋዋን ከበቡ። ሁለት ሴቶች በግራና በቀኝ ተቀምጠው እጆቿን ያዙ። ማንም ምንም አላለም። አስቴር ፊታቸውን በየተራ አየች፤ ጋሽ በቀለ «ልጄ፣ እግዚአብሔር የሰጠውን…» ብለው ሲጀምሩ ያልነገሯት ነገር አልነበረም። ያኔ ጮኸች። ግርማንም ልጇንም በአንድ ላይ አለቀሰቻቸው፤ እነዚያ እጆችም እስክትደክም ድረስ አልለቀቋትም። እኔ ከእግርጌ ቆሜ ነበር። አንድ ጊዜም አላየችኝም።

ጽሑፉን አላስረከብኩም። አዘጋጄ ሲጠይቀኝ «ሰው አላገኘሁም» አልኩት። ከሦስት ወር በኋላ ጋዜጣውን ጨርሼ ለቀቅሁና አባቴን ኢስሊ አጠገብ የሚያከራየውን ቤት ስጠኝ አልኩት፤ ማረፊያ የሌላቸው ነፍሰ ጡር ስደተኞች እስኪወልዱ የሚቀመጡበት እንዲሆን።

«ጋዜጠኛ ነሽ ወይስ አዋላጅ?» አለኝ።

«ጋዜጠኝነቱን አልቻልኩበትም» አልኩት። ቤቱን ሰጠኝ። ኋላም ሌላ ጨመረልኝ። እማማ ፋጡማ ሱቃቸውን እየዘጉ ይመጡና አራሶቹን ያጥባሉ። ይቅር ብያለሁ ብለውኝ አያውቁም፤ መምጣታቸውን ግን አላቋረጡም።

አስቴር ከዓመት በኋላ ወደ ሌላ አገር ሄደች። ልሰናበታት ፈልጌ እሺ አላለችም። በእማማ ፋጡማ በኩል አንድ መልእክት ብቻ ላከችልኝ፤ «ስሜን እንዳትጽፍ» የሚል። ስለዚህ አስቴር ስሟ አይደለም።

ይህን ብቻ ብናገር ትምህርቱ ያለቀ ይመስላችሁ ይሆናል። እኔ ግን ለብዙ ጊዜ በልቤ ስከራከር ነበር። እውነት ነው፣ ጊዜው አልነበረም፤ ግን እነሱስ? ሁለት ሳምንት ሙሉ አብረዋት እየሳቁ? ያንን ከዳተኝነት ነው የምለው። ለማንም አልተናገርኩትም እንጂ፣ ከጥፋቴ ግማሹን በነሱ ላይ አስቀምጬው ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ደርግ ገና አልወደቀም። በዚያ ሳምንት በቤታችን ሁለት ሴቶች ምጥ ላይ ስለነበሩ እዚያው አድር ነበር። አንደኛዋ ከሁለት ቀን ጭንቅ በኋላ ሴት ልጅ ተገላገለች። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። እማማ ፋጡማ ሕፃኗን እያሳዩኝ «አፏ ያንቺን ይመስላል፤ ወላሂ በሩን ሁሉ ታስከፍታለች» ይሉኛል፤ እኔ እስቃለሁ፤ እሳቸውም ይስቃሉ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጋሽ በቀለ ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ቆመዋል። ከኋላቸው የቤታችን ሴቶች፣ አራሶቹ ሳይቀሩ። ማንም አልተናገረም። እማማ ፋጡማና ሌላ ሴት ገብተው በግራና በቀኜ ቆሙና እጆቼን ያዙኝ።

አባቴ ለሥራ ሞምባሳ ሄዶ ነበር።

«መቼ ነው?» አልኩ።

«ትናንት ጠዋት። እናትሽ ስልክ ደውላ እኔ ነኝ ያነሳሁት» አሉ እማማ ፋጡማ።

«ትናንት?» አልኩ። «ትናንት እኮ አብረሽኝ ስትስቂ ነበር።» በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አልኳቸው።

«አዎ ልጄ» አሉኝ፤ እጄን ሳይለቁ። «አንድ ቀን ልጨምርልሽ ብዬ ነው።»

ሰዎች በቤታችን ስንት ልጅ እንደተወለደ ይጠይቁኛል፤ እነግራቸዋለሁ። እኔ ራሴን የምጠይቀው ሌላ ነው። አስቴር ልትወልድ ስንት ቀን ቀርቷት ነበር? እማማ ፋጡማ ያውቁ ነበር፤ አልጠየቅኳቸውም። ያን ያህል ቀን ነው ከእጇ የወሰድኩባት። ያን ያህል ቀን ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ፣ የሕፃን ልብስ እየሰፋች፣ ባሏን ትጠብቅ ነበር።